ውሻ ማሳደግ የዓመታት ኃላፊነት ነው፦ ለአሰላ ከተማና ለአርሲ ደጋ ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

መግቢያ

በአሰላ ከተማም ሆነ በጢዮ፣ በሳጉሬ፣ በበቆጂና በሌሎችም የአርሲ ደጋ አካባቢዎች ውሻ የሌለበት ግቢ ማግኘት ያዳግታል። ውሻ ሌሊት ግቢ ይጠብቃል፤ በግና ከብትን ከጅብ ያስጥላል፤ እንግዳ ሲመጣ ያስታውቃል። ይሁንና አብዛኛው ቡችላ ወደ ቤት የሚገባው ብዙም ሳይታሰብበት ነው። ጎረቤት ይሰጣል፣ ልጅ ከመንገድ ያነሣል፣ ወይም የግቢው ውሻ ሲሞት ተተኪ ይፈለጋል። ውሳኔው የአንድ ቀን ቢሆንም ውጤቱ ከአሥር ዓመት በላይ ይዘልቃል።

ይህ መረጃ ውሻ ለማሳደግ ያሰቡና አሁን በማሳደግ ላይ ያሉ ነዋሪዎች ሊያውቋቸው የሚገቡትን ነጥቦች በቅደም ተከተል ያቀርባል። እነዚህም ውሻውን ከመውሰድ በፊት የሚደረግ ስሌት፣ ክትባት፣ የትላትል መከላከያ፣ መራባትን መቆጣጠር፣ ሰው ሲነከስ የሚወሰድ እርምጃ፣ የባለቤቱ ሕጋዊ ኃላፊነትና አገልግሎት የሚገኝባቸው ስፍራዎች ናቸው። ድመት ለሚያሳድጉ ሰዎችም ስለ እብድ ውሻ በሽታ የተገለጸው በሙሉ ያገለግላል።

1. ከመውሰድዎ በፊት ሊሠሩት የሚገባ ስሌት

በአግባቡ የተያዘ ውሻ በአማካይ ከ10 እስከ 13 ዓመት ይኖራል። ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ የሚያመጣው ቡችላ ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ከቤት እስኪወጣ ድረስ በግቢው ውስጥ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «ቡችላውን እንፈልገዋለን ወይ?» የሚል ብቻ አይደለም። «እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሚንከባከበው ማን ነው?» የሚለውም አስቀድሞ መልስ ማግኘት አለበት።

12 ዓመት የሚኖር አንድ ውሻ ከአሳዳጊው የሚጠብቀው በቁጥር ሲታይ እንደሚከተለው ነው፦

• ከ4 ሺህ 300 ቀናት በላይ ምግብና ንጹሕ ውኃ፤
• በየዓመቱ አንድ ጊዜ፣ በድምሩ ቢያንስ 12 ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት፤
• በዓመት አራት ጊዜ፣ በድምሩ 48 ጊዜ ያህል የትላትል መድኃኒት፤
• ሴት ከሆነች በዓመት እስከ ሁለት ጊዜ ሊደርስ የሚችል የመራቢያ ወቅት ቁጥጥር፣ ወይም አንድ ጊዜ የማምከን ቀዶ ሕክምና፤
• በሕመምና በእርጅና ጊዜ ተጨማሪ እንክብካቤ።

ከመወሰንዎ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ከቤተሰብዎ ጋር ይመካከሩባቸው። ግቢው አጥር አለው? የተከራዩት ቤት ከሆነ አከራዩ ይፈቅዳሉ? ቤተሰቡ ለመኸር፣ ለሥራ ወይም ለበዓል ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ውሻውን የሚመግብ ሰው አለ? በቤት ውስጥ ያሉ ሕፃናት ውሻ ሲበላ ወይም ሲተኛ እንዳይነኩት የሚከታተላቸው አዋቂ አለ? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ ውሳኔውን ማዘግየት ለቤተሰቡም ለእንስሳውም ይበጃል።

2. ቡችላውን ሲቀበሉ

ቡችላ ከእናቱ መለየት ያለበት ጡት ከጣለና ስምንት ሳምንት ያህል ከሞላው በኋላ ነው። ከዚያ ቀድሞ የተለየ ቡችላ ለበሽታ ይጋለጣል፤ ከወንድሞቹና ከእናቱ ሊማረው የሚገባውን የንክሻ ልክም ሳይማር ያድጋል። ከሰጪው የሚከተሉትን ይጠይቁ፦ የተወለደበትን ጊዜ፣ እናቱ የተከተበች መሆንዋን፣ የትላትል መድኃኒት የወሰደ መሆኑንና ባለፉት ሳምንታት በማይታወቅ ውሻ ወይም በዱር እንስሳ የተነከሰ መሆን አለመሆኑን።

ቡችላውን በተቀበሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአቅራቢያዎ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ወስደው ያስመርምሩ። ባለሙያው የትላትል መድኃኒት ይሰጣል፤ የክትባት ቀጠሮም ያስይዛል። ከመንገድ የተነሣ፣ ታሪኩ የማይታወቅ ቡችላ ከሆነ ደግሞ እስኪመረመር ድረስ ልጆች እንዲያቅፉትና ፊታቸውን እንዲልሳቸው አይፍቀዱ።

3. የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት

የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ረጅም ዕድሜ ያለው የኅብረተሰብ ጤና ችግር ነው። በአዲስ አበባ በስፋት ተከስቶ የተመዘገበው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ አገሪቱን ለቅቆ አያውቅም። በ2008 ዓ.ም. የሰውና የእንስሳት ጤና ተቋማት በጋራ ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል ብለው ከለዩአቸው አምስት ከእንስሳት ወደ ሰው ተላላፊ በሽታዎች አንዱ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ የ59 ሺህ ያህል ሰዎችን ሕይወት ይቀጥፋል። በሰው ላይ ከሚደርሰው በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው። በሽታው አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች መካከልም 40 በመቶዎቹ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው።

በሽታው ምልክት ማሳየት ከጀመረ በኋላ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም ለማለት ይቻላል፤ በሰውም በእንስሳም ላይ ገዳይ ነው። በአንጻሩ አስቀድሞ በክትባት ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል። ስለዚህ አንድ አሳዳጊ ውሻውን ሲያስከትብ በመጀመሪያ የሚጠብቀው የራሱንና የጎረቤቱን ልጆች ነው።

የክትባት አወሳሰድ፦

• የመጀመሪያው ክትባት የሚሰጠው ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ነው። በዘመቻ ጊዜ ባለሙያው ከዚያ ያነሰ ዕድሜ ያላቸውንም ሊከትብ ይችላል።
• ክትባቱ በየዓመቱ፣ ወይም ባለሙያው በካርዱ ላይ በሚያሰፍረው ቀጠሮ ይደገማል።
• ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ በቂ መከላከያ የሚያዳብረው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እስከዚያ ድረስ ከግቢ አያስወጡት።
• የክትባት ካርዱን እንደማንኛውም የቤተሰብ ሰነድ ጠብቀው ያኑሩ። ውሻው ሰው ቢነክስ በመጀመሪያ የሚጠየቁት ካርዱን ነው።

በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶዎቹ ሲከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚያደርገው ጉዞ ይቋረጣል። ከዚህ በታች ከሆነ ግን ያልተከተቡት በሽታውን ያቆዩታል። በአንድ ቀበሌ አሥር ውሾች ቢኖሩና አራቱ ሳይከተቡ ቢቀሩ ስድስቱን ያስከተቡት ሰዎች ድካም የታሰበውን ያህል ፍሬ አያፈራም። ባለቤት አልባ ውሾችን በመርዝ መግደልም ብቻውን በሽታውን እንደማያጠፋ በተለያዩ አገሮች ተረጋግጧል፤ በተገደሉት ምትክ ያልተከተቡ ሌሎች ውሾች ቦታውን ስለሚይዙት ነው።

4. ትላትል፣ የበግ አዙሪትና የቄራ ተረፈ ምርት

አርሲ የበግ አገር ነው። በደጋው የሚኖር አርሶ አደር አንድ በግ ከመንጋው ተለይቶ በአንድ አቅጣጫ ሲዞር፣ አንገቱን ሲያዘነብል፣ በመጨረሻም ሲወድቅ ማየቱ እንግዳ ነገር አይደለም። በተለምዶ «አዙሪት» የሚባለው ይህ ሕመም የሚመጣው በበጉ አንጎል ውስጥ በሚያድግ የኮሶ ትል እጭ ነው። የበሽታው ዑደት በግቢው ውሻ በኩል ያልፋል፦

• የታመመው በግ ይታረዳል፤ ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል።
• ውሻው ከአንጎሉ ጋር እጩን ይበላል፤ እጩም በውሻው አንጀት ውስጥ የኮሶ ትል ይሆናል።
• የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር በግጦሽ መሬት ላይ ይበተናል።
• ሌሎች በጎች ሣሩን ሲግጡ እንቁላሉን ይውጡታል፤ ዑደቱም እንደገና ይጀምራል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ የኮሶ ትል ደግሞ በከብት፣ በበግና በፍየል ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ያስከትላል። ይህ በሽታ ሃይዳቲድ ይባላል። በቄራዎች በሥጋ ምርመራ ጊዜ ጉበትና ሳንባ እንዲወገድ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ ሲሆን፣ ሰውንም ይይዛል። ሰው የሚያዘው ውሻውን ከነካ በኋላ እጁን ሳይታጠብ በመመገብ፣ ወይም በውሻ ዓይነ ምድር በተበከለ ውኃና አትክልት አማካይነት ነው። እብጠቱ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ ስለሚያድግ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው፤ ሕክምናውም ቀዶ ጥገና ሊጠይቅ ይችላል። ይህም በሽታ ከላይ በተጠቀሰው በ2008 ዓ.ም. ዝርዝር ውስጥ ተካቷል።

የመከላከያ እርምጃዎች፦

• የታረደ በግ ጭንቅላት፣ እንዲሁም እብጠት የታየበት ጉበት፣ ሳንባና ልብ በምንም ምክንያት ለውሻ አይሰጥም። ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። በተለይ በፋሲካ፣ በመስቀል፣ በዒድ አል-አድሐና በሌሎች እርድ በሚበዛባቸው በዓላት ጥንቃቄው ሊጠብቅ ይገባል።
• ለውሻ የሚሰጥ የሆድ ዕቃ በሚገባ መቀቀል አለበት።
• ውሻው በየሦስት ወሩ የኮሶ ትልን የሚያጠፋ መድኃኒት ይውሰድ። ለዚህ ዓላማ በስፋት የሚታወቀው ፕራዚኳንቴል ነው። መጠኑ በውሻው ክብደት ስለሚወሰን በእንስሳት ጤና ባለሙያ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል።
• መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ለሁለት ቀን ያህል ውሻውን አስረው የሚወጣውን ዓይነ ምድር ይቅበሩ።
• ልጆች ውሻ ከነኩ በኋላና ከምግብ በፊት እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ ያስለምዱ።

5. መራባትን መቆጣጠር

ሴት ውሻ ከ6 እስከ 12 ወር ዕድሜዋ ድረስ ለመራባት ትደርሳለች። የእርግዝናዋ ጊዜ 63 ቀን ያህል ነው። በአንድ ጊዜ በርካታ ቡችሎች ስለምትወልድ፣ ያልታሰበበት እርግዝና በሁለት ወር ውስጥ ግቢውን ይሞላዋል። ባለቤት ያላገኙት ቡችሎች በአብዛኛው ወደ ገበያ፣ ወደ ቆሻሻ መጣያና ወደ ቄራ ዳር ይጣላሉ። በከተማችን መንገዶች ከሚታዩት ባለቤት አልባ ውሾች ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ባለቤት ከነበራት ውሻ የተወለዱ ናቸው።

ይህን ለመከላከል ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ወንዱንም ሴቷንም በእንስሳት ሐኪም ማምከን ነው። ይህ በማደንዘዣ የሚከናወን ቀዶ ሕክምና በመሆኑ በባለሙያ ብቻ ሊሠራ ይገባል። አገልግሎቱ የሚሰጥበትን ቦታና ክፍያውን ከክሊኒኩ አስቀድመው ይጠይቁ። ሁለተኛው በመራቢያዋ ወቅት፣ ማለትም ለሦስት ሳምንት ያህል፣ ሴቷን ወንድ ውሻ በማይደርስበት ዝግ ቦታ ማቆየት ነው። ቡችሎች ከተወለዱም ተረካቢ እስኪያገኙ ድረስ የመመገብና የማስከተብ ኃላፊነት የእናቲቱ ባለቤት ነው።

6. የዕለት ተዕለት አያያዝ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው አባባል ግዴታው ከሁለቱም ወገን መሆኑን ያስታውሳል፤ ጥበቃ የሚጠበቅበት እንስሳ አስቀድሞ ሊበላ ይገባዋል። በቂ ምግብ የማያገኝ ውሻ ከግቢ ወጥቶ ቆሻሻ ይበላል፣ ከሌሎች ውሾች ጋር ይጣላል፣ በሽታም ይዞ ይመለሳል።

• የአሰላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ለውሻው ከዝናብና ከንፋስ የሚጠለልበት፣ ከመሬት ከፍ ያለ ቤት ያዘጋጁለት።
• ውሻን ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ማሰር ቁጡና ተናካሽ ያደርገዋል። ማሰር ግድ ከሆነ ሰንሰለቱ ረዘም ያለ ይሁን፤ ውኃና ጥላም ይድረሰው፤ በቀን ውስጥም የሚፈታበት ጊዜ ይኑረው።
• በአንገቱ የሚታሰረው ማሰሪያ ውሻው ባደገ ቁጥር መላላት አለበት። በቡችላነቱ የታሰረ ሽቦ ወይም ገመድ አንገቱን ሊቆርጠው ይችላል።
• ውሻን ለቁጣ ብሎ መምታት፣ ሚጥሚጣ ማብላት ወይም በጨለማ ቤት መዝጋት የተሻለ ጠባቂ አያደርገውም፤ የቤቱን ልጆች ሳይቀር እንዲነክስ ያደርገዋል።
• ውሻው በዕድሜ ሲገፋ ዓይኑና ጆሮው ይደክማል፣ ጥርሱ ይረግፋል። በዚህ ጊዜ ለስለስ ያለ ምግብና ሞቅ ያለ መኝታ ያስፈልገዋል። ለዓመታት ያገለገለን ውሻ ስላረጀ ብቻ ወስዶ መንገድ ላይ መጣል በእንስሳው ላይ ጭካኔ፣ በኅብረተሰቡም ላይ አደጋ ነው።

7. በጭላሎ፣ በገላማና በካካ ተራሮች አካባቢ ለሚኖሩ

ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው የአርሲ ተራሮች በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ናቸው። የአካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ «ጄዳላ ፋርዳ» በሚል ስም ያውቀዋል። ለአቅመ መራባት የደረሱት በአገሪቱ በሙሉ ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ሲገኙ፣ አርሲ ከባሌ ውጭ ካሉት ዋና ዋና መኖሪያዎቹ አንዱ ነው። እነዚህን ተራሮች የሚያካትተው የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ለዚህ እንስሳ ትልቁ ስጋት ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች በዌብ ሸለቆ ከ1995 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 1996 ዓ.ም. አጋማሽ የተከሰተው የእብድ ውሻ በሽታ በሸለቆው ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ገድሏል። በ1984 እና በ2001 ዓ.ም.ም በባሌ ተመሳሳይ ወረርሽኝ ደርሷል። ውሻ ሳይከተብ ከእረኛ ጋር ወደ ተራራው ሲወጣ፣ ወይም በሌሊት ብቻውን ሲዞር፣ ከቀበሮው ጋር አንድ ጊዜ መገናኘቱ ለወረርሽኝ በቂ ነው።

ስለዚህ በፓርኩ ዙሪያ የሚኖሩ አሳዳጊዎች ውሾቻቸውን በየዓመቱ እንዲያስከትቡ፣ ከብት ይዘው ወደ ውርጭ ሲወጡ ያልተከተበ ውሻ እንዳያስከትሉ፣ የሞተ ወይም የታመመ የዱር እንስሳ ሲያዩም ሳይነኩ ለፓርኩ ጥበቃ ወይም ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንዲያሳውቁ ይጠየቃሉ።

8. የበሽታው ምልክቶች በእንስሳት ላይ

የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ በቁጣ አይገለጥም። በአንዳንዱ ውሻ ላይ የጠባይ ለውጥ፣ ያለምክንያት መናከስ፣ እንጨትና ድንጋይ መብላት፣ ዓላማ የሌለው ሩጫና የድምፅ መለወጥ ይታያል። በሌላው ላይ ደግሞ ዝምታ፣ ጨለማ ቦታ መደበቅ፣ የመንጋጋ መውደቅ፣ የለሃጭ መዝረክረክና መዋጥ አለመቻል ይታያል። ሁለተኛው ዓይነት ይበልጥ የሚያሳስተው ነው፤ ባለቤቱ አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት እጁን በውሻው አፍ ውስጥ ያስገባል።

ከብትም እንዲሁ ነው። በእብድ ውሻ የተነከሰ በሬ ወይም ላም ለሃጩን ሲያዝረከርክና መዋጥ ሲያቅተው በጉሮሮው የተሰነቀረ ነገር ለመፈለግ እጅ ማስገባት ለሞት ሊዳርግ ይችላል። ምልክቱ የታየበትን እንስሳ ለይተው ያስሩ፤ ባዶ እጅዎን አይንኩት፤ ሥጋውንም ሆነ ወተቱን አይጠቀሙ፤ ለባለሙያ ወዲያውኑ ያሳውቁ።

9. ውሻ ሰው ቢነክስ

ውሻው የራስዎ ቢሆንም፣ የተከተበ ቢሆንም፣ ቁስሉ ጥቂት ቢሆንም የሚከተለውን ይፈጽሙ፦

1ኛ. ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ። ይህ እርምጃ ብቻውን የቫይረሱን መጠን በእጅጉ ይቀንሳል። ከዚያም አልኮል ወይም አዮዲን ካለ ይቀቡ። ቅጠል፣ ቡና፣ ቅባት ወይም አመድ በቁስሉ ላይ አያድርጉ።

2ኛ. በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። መጫጫርና በተላጠ ቆዳ ላይ መላስም እንደ ንክሻ ይቆጠራል። የጤና ባለሙያው የቁስሉን ደረጃ ዓይቶ ከንክሻ በኋላ የሚሰጠውን ክትባት ያስጀምራል፤ ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ተጨማሪ መድኃኒት ያዛል። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት የሚሰጥ በመሆኑ ቀጠሮ ማቋረጥ አይገባም።

3ኛ. ውሻውን አይግደሉት፣ አያባርሩትም። በጠንካራ ማሰሪያ አስረው ወይም ዘግተው ለ10 ቀን በባለሙያ ክትትል ሥር ያቆዩት። በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን እንዳላስተላለፈ ይታወቃል። የ10 ቀኑ ክትትል ግን የተነከሰውን ሰው ሕክምና የሚያዘገይ ምክንያት አይደለም።

4ኛ. ውሻው ከሞተ ወይም ከተገደለ አስከሬኑን ሳይቀብሩ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ። ናሙና መውሰድ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ባለሙያው ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይልከዋል። በሽታውን በላቦራቶሪ ከሚያረጋግጡት ተቋማት አንዱ በአዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው።

በሽታው ከንክሻ በኋላ ምልክት የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ዓመት ሊደርስም ይችላል። ይህ የዝምታ ጊዜ ብዙዎችን ያዘናጋል። አንድ ሰው ተነክሶ በባህል መድኃኒት ወይም በጸበል ብቻ ከቆየ በኋላ ደህና መሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ገና በሽታው አለመውጣቱን ወይም የነከሰው ውሻ ጤነኛ እንደነበር ብቻ ነው የሚያሳየው። እምነትዎን እየፈጸሙ ክትባቱንም በዚያው ቀን መጀመር ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

10. የባለቤቱ ሕጋዊ ኃላፊነት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ እንስሳው ድንገት ከቁጥጥሩ አምልጦ ያደረሰው ጉዳት ቢሆንም እንኳ። ስለሆነም «ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነው» ወይም «በሩን ልጆች ከፍተውት ነው» የሚለው ምክንያት ከኃላፊነት ነፃ አያወጣም። የተጎጂው የሕክምና ወጪ በባለቤቱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የእንስሳት በሽታን ስለመከላከልና ስለመቆጣጠር የወጣ ሕግም የሚመለከታቸው አካላት ለሚወስዱት እርምጃ መሠረት ነው። ከዚህ በተጨማሪ የከተማ አስተዳደሮች ስለ ውሻ አያያዝ የሚያወጡትን ደንብ ማክበር ይገባል።

11. ማሳደግ የማይቻልበት ሁኔታ ሲያጋጥም

ቤተሰብ ቤት ሊቀይር፣ ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ወይም ሊታመም ይችላል። በዚህ ጊዜ ተገቢው መንገድ ውሻውን ለሚያውቁትና አጥር ላለው ሰው ከክትባት ካርዱ ጋር ማስረከብ ነው። አስቀድሞ ማስከተብና ማምከን ተቀባይ የማግኘት ዕድልን ይጨምራል። ተቀባይ ካልተገኘ ወይም ውሻው በማይድን ሕመም የሚሠቃይ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ። መርዝ መስጠት፣ ማነቅ ወይም ጫካ ወስዶ መጣል አይገባም፤ መርዝ ያለበት ሥጋ የጎረቤትን እንስሳ፣ አሞራንና ልጆችንም ሊገድል ይችላል። የሞተ ውሻ ከውኃ ምንጭ ርቆ፣ ሌላ እንስሳ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር።

12. አገልግሎት የሚገኝባቸው ስፍራዎች

• የክትባት፣ የትላትል መድኃኒትና የሕክምና አገልግሎት፦ በቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ፣ ወይም በወረዳውና በከተማው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ። ሲሄዱ ውሻውን በገመድ ወይም በሰንሰለት አስረው፣ ሊቆጣጠረው በሚችል አዋቂ ሰው ይዘው ይምጡ። ካርድ ካለ ይያዙ።
• የዘመቻ ክትባት መርሐ ግብር፦ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወይም ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።
• በበሽታ የተጠረጠረ እንስሳ ጥቆማ፦ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ። አስፈላጊ ሲሆን ጉዳዩ በአሰላ ለሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይተላለፋል።
• ለተነከሰ ሰው ሕክምና፦ በአቅራቢያው የሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ክትባቱ በጤና ጣቢያው ከሌለ ወዲያውኑ ወደሚገኝበት ተቋም እንዲላኩ ይጠይቁ፤ «ነገ ተመለሱ» የሚል ምላሽ ይዘው ወደ ቤት አይመለሱ።

13. ተደጋጋሚ ጥያቄዎች

ውሻዬ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም፤ ክትባት ያስፈልገዋል?
አዎን። የታመመ ውሻ፣ ድመት ወይም ቀበሮ በሌሊት ወደ ግቢ ሊገባ ይችላል። በሩ አንድ ጊዜ ብቻ ተከፍቶ መቅረቱም በቂ ነው።

ባለፈው ዓመት አስከትቤዋለሁ፤ ለምን ይደገማል?
የክትባቱ መከላከያ አቅም በጊዜ ሂደት ስለሚቀንስ ነው። ቀጠሮው ያለፈበት ውሻ እንደተከተበ አይቆጠርም።

ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት ብትነከስ ክትባቱን መውሰድ ትችላለች?
አዎን። እርግዝናም ሆነ ማጥባት ክትባቱን አይከለክልም፤ የሕፃናት ዕድሜ ማነስም እንዲሁ።

ውሻዬ በማይታወቅ ውሻ ተነከሰ፤ ምን ላድርግ?
ለይተው ያስሩት፤ ቁስሉን ጓንት አድርገው ይጠቡ፤ በዚያው ቀን ካርዱን ይዘው ባለሙያ ያማክሩ። ቀድሞ የተከተበ ከሆነ ክትባቱ ወዲያው ይደገምለታል። ያልተከተበ ከሆነ ባለሙያው የሚሰጠውን ውሳኔ፣ ከባድም ቢሆን፣ መቀበል የቤተሰቡን ሕይወት መጠበቅ ነው።

ለልጄ ቡችላ ቃል ገብቼለታለሁ፤ እንክብካቤውን ለእሱ ልተውለት?
ልጅ በመመገብና በማጽዳት ሊረዳ ይችላል፤ ኃላፊው ግን ሁልጊዜ አዋቂ ነው። ልጁ ዕድሜው እየገፋ ትምህርትና ጨዋታ ሲበዛበት ውሻው ያለ ተንከባካቢ እንዳይቀር ከመጀመሪያው አንድ የቤተሰብ አባል ኃላፊነቱን ይረከብ።

ማሳሰቢያ

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በየዓመቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 28 ቀን ይከበራል፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18 ቀን ነው። ዕለቱ በ1885 እ.ኤ.አ. የበሽታውን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሰጠው ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ያረፈበት መታሰቢያ ነው። የውሻዎ ክትባት ቀጠሮ የትኛው ቀን እንደሆነ ካላስታወሱ፣ አዲሱን ዓመት ተከትሎ የሚመጣውን ይህን ዕለት የዓመቱ የክትባት ቀን አድርገው መያዝ ይችላሉ። በአገር ደረጃ የተያዘው ግብ እስከ 2022 ዓ.ም.፣ ማለትም እስከ 2030 እ.ኤ.አ.፣ ከውሻ በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት የሚደርሰውን የሰው ሞት ማስቀረት ነው፤ ይህም ከዓለም አቀፉ ግብ ጋር የተጣጣመ ነው። ግቡ የሚሳካው እያንዳንዱ አሳዳጊ በግቢው ያለውን ውሻ በየዓመቱ ሲያስከትብ ነው።